ጀልባ የሚሻገርበት ድልድይ፦ የሉን የድንጋይ ሥራ ከአናቱ እስከ መሠረቱ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንካስተር ከተማ ዳር፣ ሉን የሚባል ወንዝ ወደ ባሕር ይወርዳል። በወንዙ ላይ አምስት ትልልቅ ቅስቶች ያሉት የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቷል። ከታች ቆሞ ቀና ብሎ ለሚያየው እንደማንኛውም የድሮ ድልድይ ነው፤ ጥርብ ድንጋይ፣ ወፋፍራም ምሰሶ፣ አናቱ ላይ እንደ ቤተ መንግሥት ሰገነት ያማረ የድንጋይ አጥር። ዳገቱን ወጥቶ ላዩ ላይ ሲደርስ ግን የመኪና መንገድም የባቡር ሐዲድም አያገኝም። የሚያገኘው ውኃ ነው። ከዳር እስከ ዳር የተኛ፣ ድምፅ የሌለው ውኃ፤ በላዩ ጀልባ ይሄድበታል። ወንዙ 18 ሜትር ያህል ወደ ታች የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ ቦዩ ከላይ የራሱን።

ሥራው የተጠናቀቀው በ1797 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሐንዲሱ ስኮትላንዳዊው ጆን ሬኒ ነበር። ርዝመቱ 200 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅስት 21 ሜትር ስፋት ያለው ሙሉ ግማሽ ክብ ነው። ሰው ፎቶ የሚያነሳው ቅስቶቹንና ቅርጻ ቅርጹን ነው። እኔ ግን የዚህ ሕንጻ ትልቁ ጥበብ ዓይን በማያየው ቦታ እንዳለ አምናለሁ፤ ጭቃው ውስጥ፣ ወንዙ አልጋ ሥር በተቀበሩት ግንዶች፣ ከጣሊያን ድረስ በመርከብ በመጣ አመድ ውስጥ። እዚያ ድረስ አብረን እንውረድ።

መጀመሪያ ግን፣ ሰው ምን ነክቶት ነው ውኃን በድልድይ የሚያሻግረው?

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የድንጋይ ከሰል ይፈልጉ ነበር፤ ከሰል ደግሞ ከባድ ነው። አንድ ፈረስ በጭቃማ የጋሪ መንገድ ከአንድ ቶን ብዙም ያልበለጠ ጭነት ሲጎትት ይደክማል። ያው ፈረስ ከቦይ ዳር እየሄደ በገመድ ጀልባ ቢጎትት ግን ሠላሳ ቶን ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ለጀልባ የሚሆን ቦይ ያስቆፍሩ ጀመር። የላንካስተር ቦይ በፓርላማ ሕግ የተፈቀደው በ1792 ነው፤ ከደቡብ ከሰል ወደ ሰሜን፣ ከሰሜን የኖራ ድንጋይ ወደ ደቡብ እንዲያመላልስ ታስቦ።

የቦይ ውኃ መቆም አለበት። ካዘነበለ ወንዝ ይሆናል፣ ጀልባውንም ይዞት ይሄዳል። መሬቱ ከፍና ዝቅ ሲል መሐንዲሶች በሁለት ወገን በር ያለው የውኃ ክፍል ይሠራሉ፤ ጀልባው ይገባል፣ ውኃው ይሞላል ወይም ይጎድላል፣ ጀልባውም እንደ ሊፍት ይወጣል ወይም ይወርዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ እንዲህ ያለ በር ጊዜ ይበላል፣ ለእያንዳንዱ ጉዞም ከላይ ካለው ቦይ ብዙ ውኃ ይወስዳል። ሬኒ ከዚህ ለመሸሽ ቦዩን የኮረብቶቹን ወገብ እያስያዘ ጠምዝዞ ወሰደው። መስኖ ጠልፎ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ዘዴ ለማንም ማስረዳት ይችላል፤ ልዩነቱ ገበሬው ለቦዩ ትንሽ ቁልቁለት መተዉ፣ ሬኒ ግን ጨርሶ አለመተዉ ነው። በዚህ መንገድ ከፕሬስተን እስከ ቴዊትፊልድ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ አንድም የውኃ በር ሳይሠራ ቀረ። በመካከሉ ሉን ሸለቆውን ከፍቶ ጠበቀው። ወይ በብዙ በሮች ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና መውጣት፣ ወይ ከላይ ከፍታውን ሳይለቅ መሻገር ነበር ምርጫው። የተመረጠው ከላይ ነው።

እዚህ ላይ የክብደት ነገር ይመጣል። በተለመደ ድልድይ ላይ ጭነቱ መጥቶ ይሄዳል፤ ሌሊት ባዶውን ያድራል። የውኃ ድልድይ ግን ከተሞላበት ቀን ጀምሮ ሸክሙን አያወርድም። ለግምት ያህል ስድስት ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ቦይ እናስብ። በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ዘጠኝ ቶን ውኃ ይተኛል። በ200 ሜትር 1,800 ቶን ነው። ይህ ውኃው ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጭቃና ድንጋይ ገና አልተቆጠረም።

ታዲያ ጀልባው ሲጨመር ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። አንድ ሳፋ አፉ ድረስ ውኃ ሙሉና ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ባዶ ድስት ቀስ አድርጋችሁ አንሳፍፉበት። ውኃ በጠርዙ ይፈሳል። የፈሰሰውን ጠርጋችሁ ሚዛኑን እዩት፤ አልተንቀሳቀሰም። ድስቱ የራሱን ክብደት የሚያህል ውኃ አስወጥቶ ነው ቦታ ያገኘው። ሠላሳ ቶን የጫነ ጀልባ ወደ ድልድዩ ሲገባም እንዲሁ ክብደቱን የሚያህል ውኃ ወደ ቀሪው ቦይ ይገፋል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ቦይ ላይ ያ ውኃ ሲበተን ከፍታውን የሚለውጠው ለዓይን በማይታይ መጠን ነው። ስለዚህ ጀልባ ኖረ አልኖረ ቅስቶቹ የሚሸከሙት ያንኑ ነው። ለመሐንዲስ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሸክሙ ከባድ ቢሆንም አይለዋወጥም። የድንጋይ ቅስት ደግሞ የሚወደው እንዲህ ያለውን ሸክም ነው።

ድንጋይ ውኃ አይዝም። በጥርብ ድንጋይ መካከል ያለው መጋጠሚያ የቱንም ያህል ቢጠብ ውኃ መንገድ ያገኛል። ሲሚንቶ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ገና አልተፈጠረም ነበር። መፍትሔው ጭቃ ነው።

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ልጅ ሆኜ ጭቃ ከሚረግጡት ጋር ገብቼ ረግጫለሁ። መጀመሪያ አፈሩ እንደ ጓል ይቆራርጣል፣ እግርን ይወጋል፤ ውኃ እየጠገበ፣ እየተረገጠ ሲሄድ ጓሉ ይጠፋና ተረከዝን ይዞ የማይለቅ ለስላሳ ነገር ይሆናል። በእንግሊዝ ቦዮች የተደረገውም ይኸው ነው። ሸክላማ አፈር አምጥተው፣ በውኃ አርሰው፣ በአካፋ እየቆራረጡ፣ በቦት ጫማ እየረገጡ፣ አንዳንድ ቦታም ከብት እየነዱበት ያቦኩታል። ከዚያ በስሱ እየደራረቡ፣ የላይኛው ከታችኛው ጋር እስኪዋሐድ እየረገጡ፣ አንድ ሜትር ለሚጠጋ ውፍረት ያነጥፉታል። መርገጡ የሚሠራው ሥራ በአፈሩ ውስጥ ያለውን አየር አስወጥቶ፣ ደቃቁ ብናኝ እርስ በርሱ እንዲተኛ ማድረግ ነው። ውኃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አይቀርም።

ከጭቃ ቤት የሚለየው አንድ ነገር አለ። የቤቱን ጭቃ ጭድ ጨምረን፣ አብላልተን፣ እንዲደርቅ እንለቀዋለን፤ ደርቆ እንዲኖርም ክዳን እናለብሰዋለን። የቦዩ ጭቃ ግን ከደረቀ አለቀለት። ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ውኃ ቢመለስ በወጉ አይገጥምም። ስለዚህ ቦይ በተሠራ ማግስት ውኃ ይለቀቅበታል፤ ለጥገና ውኃው ሲወጣም ሠራተኛው ጊዜውን እየቆጠረ ነው የሚሠራው። ውኃው ጭቃውን ይጠብቃል፣ ጭቃውም ውኃውን።

ለዚህ ዘዴ በእንግሊዝ መንገድ የከፈተው ጄምስ ብሪንድሊ ነው፤ በ1761 በማንቸስተር አጠገብ ኢርዌል በሚባል ወንዝ ላይ ሦስት ቅስት ያለው የባርተን ድልድይ በሥራው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመት ያህል የቦይ ድልድይ ማለት በድንጋይ ወይም በሸክላ ጡብ ዕቃ ውስጥ የተረገጠ ጭቃ ማለት ነበር።

ጭቃው ግን የራሱ መከራ አለው። አንደኛ ከባድ ነው፤ ከውኃ ይበልጣል። ሁለተኛ ይገፋል። ውኃ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይጫናል፣ ግፊቱም ከጥልቀቱ ጋር በፍጥነት ያድጋል፤ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን በግድግዳው ላይ ያለው ጠቅላላ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ቅድም ባነሳነው አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት፣ በእያንዳንዱ ሜትር ግድግዳ ላይ ከአንድ ቶን የበለጠ ግፊት ወደ ውጭ ያርፋል። የራሰ ጭቃ ደግሞ ከንጹሕ ውኃ ብሶ ይገፋል። ድንጋይ ሲጭኑት ጀግና ነው፤ ወደ ጎን ሲገፉት ግን ደካማ ነው፣ ግንቡ ይነፋል፣ ይከፈታል። በክረምት ሰርጎ የገባው ውኃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ያብጣል። በማንቸስተር አቅራቢያ ያለው የማርፕል የውኃ ድልድይ፣ በ1800 ያለቀ ውብ ሥራ፣ በጥር 1962 ከብርድ በኋላ አንደኛው ጎኑ ተደርምሶ ነበር። ለ160 ዓመት ቆሞ፣ ጎኑን ነው የተመታው፤ ቅስቶቹ ችለውታል።

ሬኒ ለዚህ ያለው መልስ ክብደት ነው። ግድግዳውን ወፍራም አድርጎ ግፊቱ ሊነቀንቀው የማይችል ግዙፍ አካል ሠራ። የሉን ድልድይ እንዲያ ደልደል ያለ የሚመስለው ለግርማ ብቻ አይደለም፤ ያ ግርማ ሥራ አለው።

አሁን ወደ ቅስቱ። ቅስት ድንጋዮች እርስ በርስ እየተጫኑ የሚቆሙበት ጥበብ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ከላይ ሰፋ፣ ከሥር ጠበብ ተደርጎ ስለሚጠረብ ወደ ታች ሊወድቅ ሲል ጎረቤቱ ውስጥ ይሸነቀራል። ሸክም በጨመረ ቁጥር መሸነቀሩ ይጠብቃል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሲሄዱ የሚያልፉበትን የ17ኛው መቶ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ያስታወሰ ሰው ይህን በእግሩ ረግጦታል። ችግሩ ቅስት የመጨረሻዋ የአናት ድንጋይ እስክትገባ ድረስ ቅስት አለመሆኑ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የድንጋይ ክምር ነው። ስለዚህ ግንበኞች መጀመሪያ የቅስቱን ቅርጽ የያዘ ግዙፍ የእንጨት ካሳፎርማ ያቆማሉ፣ ድንጋዩን ከሁለቱም ወገን እኩል እኩል እያደረጉ በላዩ ይደረድራሉ፣ የመጨረሻዋን አስገብተው ድንጋዩን የሚያያይዘው ማልታ ሲጠና ካሳፎርማውን በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ቅስቱ ትንሽ ይወርድና ይይዛል። በዚያች ቅጽበት ከሥሩ የቆመ ግንበኛ ልቡ እንዴት እንደሚመታ ለማሰብ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም።

ቅስት ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ እግሩን ወደ ጎንም ይከፍታል። አምስት እኩል ቅስቶች በተርታ ሲቆሙ ግን መካከለኛውን ምሰሶ አንዱ ከግራ ሲገፋው ሌላው ከቀኝ ይመልሰዋል፤ ምሰሶው መሸከም የሚቀርለት ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ክብደት ነው። የሁለቱ ዳር ቅስቶች ግፊት ደግሞ በሁለቱም ባንክ ባለው ከባድ ግንብ ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው ቅስቶቹ ሁሉ እኩል የሆኑት። ለዓይን የሚያስደስተው ያ ተመሳሳይነት ሚዛን ነው።

ሚዛኑ የሚጸናው ግን ምሰሶው ካልሰመጠ ነው። አንዱ ምሰሶ ጥቂት ቢወርድ ቅስቱ ይሰነጠቃል፣ ጭቃው ይቀደዳል፣ ውኃው ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። የሉን ሥራ በእርግጥ የተሠራው እዚህ ነው፤ በ1794፣ ከወንዙ አልጋ ሥር።

ወንዙ ውስጥ ምሰሶ ለማቆም መጀመሪያ ወንዙን ማስወገድ ያስፈልጋል። ምሰሶው በሚቆምበት ቦታ ዙሪያ እንጨት እየቀጠቀጡ አጥር ይሠራሉ፣ ቀዳዳውን ይደፍናሉ፣ በውስጡ ያለውን ውኃ በፓምፕ ይቀዳሉ። ውኃው ግን ከሥር እያመነጨ ይመለሳል። ፓምፕ ከቆመ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ስለዚህ ሥራው ቀንና ሌሊት ነበር፣ እስከ 150 ሰው በፈረቃ እየተተካ። የወንዙን መሠረት ኩባንያው ለኮንትራክተር አልሰጠም፤ በቦታው የነበረው መሐንዲስ አርኪባልድ ሚላር ራሱ እየተቆጣጠረ አሠራው። ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። መሬት ውስጥ የሚቀበር ሥራ ማንም ተመልሶ የማያየው ስለሆነ፣ በጥድፊያ የተሠራ እንደሆነ የሚታወቀው ሁሉም ነገር ላዩ ላይ ከተጫነ በኋላ ነው።

በደረቀው ጉድጓድ ውስጥ ረጃጅም የእንጨት ግንዶች በከባድ መዶሻ ተቀጠቀጡ። ግንዱ ከላይ ያለውን ሸክም ለስላሳውን አፈር አሳልፎ ወደ ጠንካራው መሬት ያደርሰዋል፤ ዛሬ ፎቅ ሲሠራ «ፓይል» የምንለው ነው። እንጨት ይበሰብሳል የሚል ሰው ይኖራል። እንጨት የሚበሰብሰው አየርና እርጥበት ሲፈራረቁበት ነው። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የተቀበረ ግንድ አየር ስለማያገኝ ለዘመናት ይቆያል። እነዚያ ግንዶች ዛሬም ሸክሙን ይዘው ነው ያሉት።

በግንዶቹ ላይ የሚያርፈው ድንጋይ በምን ይያያዝ? በዚያ ዘመን የነበረው ማያያዣ ኖራ ነው፤ ተራ ኖራ ደግሞ ለመጠንከር አየር ይፈልጋል። ውኃ ውስጥ ሲሆን ሳይጠና ታጥቦ ይሄዳል። ሬኒ ከጣሊያን ፖዞላና አስመጣ። ፖዞላና ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ አመድ ነው፤ ስሙን ያገኘው በኔፕልስ አጠገብ ካለችው ፖዙዎሊ ከተማ ነው። ሮማውያን ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። ከኖራ ጋር ሲቀላቀል በውስጡ ያለው ሲሊካ ከኖራው ጋር ይዋሐድና አየር ሳያስፈልገው፣ ውኃው ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ይሆናል። ለእኛ አገር ግንበኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሲሚንቶ መደብር «ፒፒሲ» ብሎ የሚገዛው ሲሚንቶ ውስጥ መካከለኛው «ፒ» ፖዞላና ማለት ነው፤ ፋብሪካዎቻችን ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭተው ይቀላቅሉበታል። ሬኒ በመርከብ ያስመጣው ነገር ዘመድ እኛ ደጅ ተከምሮ ይገኛል።

ከውኃ በላይ ያለውን ግንብ የያዘው የኤድንበራው ግንበኛ አሌክሳንደር ስቲቨንስ ነበር። በ1796 ሥራው ሳያልቅ ሞተ፤ ልጁ ጨረሰው። የድንጋዩ ፊት ሆን ተብሎ ሻካራ ተደርጎ ተጠርቧል፣ ጥላ እንዲይዝና ክብደቱ እንዲታይ። በአናቱ ወጣ ያለ የድንጋይ ክፈፍ ዙሪያውን ይሄዳል፤ በመካከል ክፍት አጥር፣ በዳርና ዳር ድፍን። በአንዱ ጎን የላቲን ግጥም፣ በሌላው ጎን «ለሕዝብ ብልጽግና» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተቀርጿል። ያን ጽሑፍ ሳነብ አንድ ነገር አልፌው መሄድ አልችልም። ላንካስተር በዚያ መቶ ዘመን ከብሪታንያ ዋና ዋና የባሪያ ንግድ ወደቦች አንዷ ነበረች፤ መርከቦቿ ከአፍሪካ ዳርቻ ሰው ጭነው ወደ ካሪቢያን ይሄዱ ነበር። «ሕዝብ» የሚለው ቃል ውስጥ እነዚያ ሰዎች አልነበሩም።

ሒሳቡ መጨረሻ ላይ ሲደመር 48,320 ፓውንድ ሆነ። መጀመሪያ የተገመተው 18,618 ነበር፤ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው የተዋጠው ከወንዙ አልጋ ሥር ነው፤ በፓምፑ፣ በግንዱ፣ በሌሊት ፈረቃው።

ሬኒ ይህን ሲሠራ ሌሎች መሐንዲሶች ከጭቃ መውጫ እየፈለጉ ነበር። በ1795 የመጣ ጎርፍ በሽሮፕሻየር፣ ሎንግደን በሚባል ቦታ በግንባታ ላይ የነበረን የድንጋይ የውኃ ድልድይ ጠራርጎ ወሰደው። ቶማስ ቴልፎርድ በቦታው ከብረት የተቀዳ ገንዳ ተከለ፤ አለቀ የተባለው ሉን ባለቀበት በዚያው በ1797 ነው። ብረት ውኃን ያለ ጭቃ ይይዛል፤ ጭቃ ከሌለ ክብደቱ ይቀላል፣ ምሰሶውም ይቀጥናል። በዌልስ ድንበር ላይ በ1801 ያለቀው የቸርክ ድልድይ በሁለቱ አሠራሮች መካከል ነው ያለው፤ ውጪው ድንጋይ፣ የቦዩ ወለል የብረት ሳህን፣ የቅስቶቹ ትከሻም ውስጡ ክፍት። በ1805 የተከፈተው ፖንትከሲልቴ ደግሞ በቀጫጭን የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ 300 ሜትር የሚያልፍ የብረት ገንዳ ይዞ 38 ሜትር ከፍታ ላይ ቆመ። ያን ያየ ሰው ሉንን ያረጀ አሠራር ሊለው ይችላል። እኔ አልለውም። ሬኒ የሚያውቀውን ቁሳቁስ እስከ ዳር ድረስ ገፍቶ ነው የሠራበት፤ በ2011 እና 2012 ፍሳሹ ተደፍኖ ድንጋዩ ሲታደስም የቆመው የራሱ አካል ነው።

ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ተከፈለ። ያው ቦይ ወደ ደቡብ፣ ወደ ከሰል ጉድጓዶቹ ለመድረስ በፕሬስተን ሪብል የሚባል ሌላ ወንዝ መሻገር ነበረበት። እዚያም እንዲሁ የድንጋይ ድልድይ ታቅዶ ነበር። ከሉን በኋላ ገንዘቡ አልነበረም። በምትኩ በ1803 ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል የጋሪ ሐዲድ ተዘረጋ፣ ወንዙም ላይ የእንጨት ድልድይ ተሠራ፤ ለጊዜው ተብሎ። ከሰሉ ከጀልባ ወደ ጋሪ ይገለበጣል፣ በሰንሰለት ተይዞ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ በእንፋሎት ሞተር ዳገቱን ይጎተታል፣ እንደገና ጀልባ ላይ ይጫናል። የድንጋይ ድልድዩ ሳይሠራ ቀረ፤ ሁለቱ የቦይ ቁራጮችም አልተገናኙም።

የላንካስተር ቦይ ከሌላው የእንግሊዝ ቦይ ጋር በጀልባ የተገናኘው በ2002 ነው፤ ያም በድልድይ አይደለም። ጀልባው ሳቪክ በተባለ ጅረት ዘጠኝ በሮችን ወርዶ፣ የባሕሩ ውኃ የሚሞላበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ራሱ ሪብል ወንዝ ላይ ይወጣል።